የዘያሪ እግር

ከሰው ፊት ይልቅ የሰውን እግር አውቃለሁ። የገበሬ ተረከዝ እንዴት እንደሚሰነጠቅ፣ የጎማ ጫማ ያደረገ ሰው የቱ ጋ እንደሚላጥ፣ የነጋዴ ሴት እግር ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ለምን እንደሚያብጥ በወጣትነቴ ተምሬ ጨርሻለሁ። ለምኜ ያገኘሁት እውቀት አይደለም። ያወረሰችኝ እናቴ ናት፤ እሷም ያወረሰችኝ በአንዲት ቃል ምክንያት ነው።

ቤታችን ደሴ፣ ወደ ቦሩ ሜዳ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነበር። ከቦሩ ሜዳ ወዲያ፣ ግማሽ ቀን በእግር ተሂዶ፣ አንድ ትልቅ ሸኽ ያረፉበት ጥድ የበዛበት ኮረብታ አለ። በመውሊድ ወር አገሩ ሁሉ ለዚያራ ወደዚያ ይወጣል፤ የሚወጣውን ሰው ዘያሪ እንለዋለን። ዘያሪው ከደጋን፣ ከኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ማዶ በጭነት መኪና ተጭኖ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ይመሽበታል። ቆላ የለመደ ገላው በጦሳ ተራራ ብርድ ይንቀጠቀጣል። በማግስቱ በእግሩ ሊቀጥል ስለሆነ ለአንድ ሌሊት ጣሪያ ይፈልጋል።

መውሊድ ሲደርስ ደሴ ሌላ ከተማ ትሆን ነበር። የድቤ ከበሮ ያዘለው፣ በዘንግ ጫፍ አረንጓዴ ጨርቅ ያሰረው፣ የስለት በግ በገመድ የሚጎትተው፣ እህል ውሃ ሳይል በመንዙማ ብቻ የሚራመድ የሚመስለው ሽማግሌ፣ ሁሉም መንገዱን ይሞላዋል። ሰሌን ሻጩና ጫት ሻጩ ይጣላሉ። ክርስቲያኑም ስለቱን ይዞ ከእስላሙ ጋር እኩል ይወጣል፤ ኮረብታው ላይ ሲደርሱ የየራሳቸውን ከብት ለየብቻ አርደው፣ ዱዓውን አብረው ይቀመጣሉ። ወሎ ነዋ። ለሚያየው ሰው ደስ ይላል። እግሩን ለምናጥበው ለእኛ ግን ያ ሁሉ ሰው ሲመጣ የሚታየን ጭቃው ነበር።

አባቴ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ አያቱ ከየመን የመጡ። ሱቁ በአብዮቱ መጀመሪያ ከተዘጋ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። የተወልን ሰፊ ሳሎን፣ ሰፊ ግቢና አንድ ወንድም ነው። ወንድሜ ታናሼ ነበር። ከድርቁ ወዲህ ባለው ዓመት፣ ሰኞ ገበያ ጨው ሊገዛ ወጥቶ ታፈሰ። ጨውም ሳይመጣ ቀረ። በመጀመሪያ ማሠልጠኛ ነው አሉን፤ ቀጥሎ አስመራ ነው አሉን፤ ከዚያ ማንም ምንም የሚለን ጠፋ።

በዚያው ዓመት መውሊድ እናቴ እኔን አስከትላ ኮረብታው ላይ ወጣች። ስለት ወግ አለው። ባለስለቱ በዳሱ መሀል ይቆምና ጮክ ብሎ፣ "ይህ ከሆነልኝ ይህን አመጣለሁ" ይላል። ዱዓ የሚያደርጉት አባት ይመርቃሉ፤ ሕዝቡ "አሚን" ይላል። አሚን ከተባለ ቃል አይታጠፍም። ከእናቴ በፊት የቆመችው ሴት ልጅ ከወለደች ወይፈን ልታመጣ ተሳለች። እናቴ ተነሳች፣ ሻርፗን አጠበቀች።

"ልጄ እስኪመለስ ድረስ ለሸኹ ዘያሪ ደጄን አልዘጋም" አለች። "እግሩን አጥቤ፣ አብልቼ፣ አሳድሬ እሸኛለሁ።"

አባ እጃቸውን ሊዘረጉ ብለው መለሱት። "አንች እህቴ፣ 'እስኪመለስ' አይባልም። 'ከተመለሰ' በይ። ስለት ሲሰምር ነው የሚደርስ።"

"ካገኘሁ በኋላ ማመስገንማ ማን ያቅተዋል፣ አባ? እኔ ከዛሬ ልጀምር።"

"ይሁን፤ ግን ያልሽው ቃል ማብቂያው በእጅሽ አይደለም።"

እሳቸው ይህን ሲሉ ሕዝቡ አሚን ብሎ ጨርሶ ነበር። እኔም ብያለሁ። ያን ጊዜ ቃሉ ቢበዛ ለአንድ ክረምት የሚዘልቅ መስሎኝ ነበር።

ዘያሪ የመውሊድ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የረጀብ ወር ዚያራ አለ፤ ሐሙስ ሐሙስ አለ፤ ልጁ የታመመበት፣ ከብቱ የጠፋበት፣ ሚስቱ የኮበለለችበት አለ። ሁሉም በእኛ ደጅ ያልፋል። የውጭ በራችን የብረት መቀርቀሪያ ሳይነካ ከርሞ ዛገ። ሌባ እንኳ አልገባብንም፤ ቢመጣም እናቴ ዘያሪ መስሏት እግሩን ታጥበው ነበር።

እኔ በዚያ መሀል ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገባሁ፣ ክር ክፍል። ፈረቃዬን ቆሜ ውዬ ወይም ቆሜ አድሬ፣ በዕረፍቴ ቀን አውቶብስ ተሳፍሬ ሐረጎን እወጣለሁ። ሌሎቹ ልጆች በዕረፍታቸው ይተኛሉ፣ ፀጉር ይሠራሉ። እኔ ከቦኖ ውሃ ለመቅዳት ጀሪካን ይዤ እሰለፋለሁ። ውሃው ይሞቃል፣ በሳፋ ይቀርባል፣ እግር ይታጠባል፣ ይደፋል፣ እንደገና ይቀዳል። ንፍሮ በትልቁ ድስት ይጣዳል፤ ስንዴና ባቄላ፣ አንዳንዴም ሽምብራ። ስኳር በቀበሌ በራሽን ስለነበር ሻዩን በጨው የምናፈላበት ጊዜ ይበዛል። ቆለኛው ሁሉ "ማሻ አላህ" እያለ ይጠጣዋል። ወገቤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የእኔ አይደለም።

ቀበሌም አልተወንም። ያደረ እንግዳ ሁሉ መመዝገብ ነበረበት። አንድ ማታ ሊቀመንበሩ ከነጠባቂው መጥቶ ሳሎኑን ሞልቶ የተኛውን ሰው በባትሪ አየው።

"እነዚህ ሁሉ ዘመዶችዎ ናቸው?"

"አዎን" አለች እናቴ።

"በማን በኩል?"

"በነቢ በኩል።"

ሊቀመንበሩ ሳቁን በሳል ሸፈነ። የዚያን ሌሊት የሆነው ይኼው ነው፤ ሻይ ጠጥቶ ሄደ። ጫማውን እንዲያወልቅ እናቴ ብትለምነው ግን እምቢ አለ።

ፋብሪካው ውስጥ አንድ መካኒክ ነበር፤ ረጋ ያለ፣ ዘይት የማይለቀው እጅ የነበረው። ሽማግሌ ላከ። እናቴ ሽማግሌዎቹን እግራቸውን አጥባ፣ ንፍሮ አቅርባ፣ "ወንድሟ ሲመለስ" ብላ ሸኘቻቸው። እውነቷን ነው፤ እኔ ከወጣሁ ቃሏን ብቻዋን ልትሸከመው አትችልም። ሰውየው አንድ መውሊድ ጠበቀ። እንዲያውም መጥቶ ጀሪካን ተሸከመልኝ። በተከታዩ ዓመት የደጋን ልጅ አገባ። ሠርጉ ላይ ሄድኩ። እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬ ሌላ ሰው ውሃ ሲያመላልስ ማየት ደስ አለኝ፤ ከዚያ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ወንድሜን የምናፍቀው ስለ እሱ ይሁን ወይስ ከሳፋው ስለመገላገል፣ አንዳንድ ቀን ይምታታብኝ ነበር።

አሁን የመርዶን ነገር ልንገራችሁ፤ ያለሱ የኋለኛው አይገባም። ሩቅ አገር የሞተ ሰው መርዶ በእኛ ዘንድ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ጎረቤቱ አስቀድሞ ይሰማል፣ ይደብቃል፣ ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ ተሰብስቦ ድምፁን አጥፍቶ በር ላይ ይቆማል። ባለቤቱ ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ሲያይ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ያውቀዋል። ልጃቸው ጦር ሜዳ የሆነባቸው እናቶች በዚያ ዘመን ከሁሉ የሚፈሩት ማለዳን ነበር። እናቴም የጧት ሶላቷን ስትጨርስ፣ ወደ በሩ ሳታይ ትንሽ ትቆይ ነበር።

በአንደኛው መውሊድ ከቆላ የመጡ ዘያሪዎች መኪናቸው ሐረጎ ላይ ተሰበረ። ሌሊቱን በእግራቸው ወጥተው፣ ሊነጋጋ ሲል ደጃችን ደረሱ። በሩ ክፍት ነው፤ ግን በዚያ ሰዓት ሰው ቤት ዘው ለማለት ይሉኝታ ያዛቸው። ነጫጭ ኩታቸውን ተከናንበው፣ ዝም ብለው፣ ተደርድረው ቆሙ። እናቴ ከሶላቷ ተነስታ አየቻቸው። ከፊት የነበሩት ሽማግሌ አንገታቸውን ደፍተው ተናገሩ።

"አሰላሙ ዐለይኩም፣ እናቴ። አላህ ያመጣውን ነገር ምን ይደረጋል። ሌሊቱን ስንጓዝ አድረን መጣን።"

ስለ መኪናው ነበር የሚሉት።

እናቴ "ልጄን!" ብላ መሬት ላይ ወደቀች። ዘያሪዎቹ ለቅሶ ቤት የደረሱ መሰላቸው። ለቅሶ ላይ የደረሰ ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ ያለቅሳል። ተቀምጠው አለቀሱ። እኔ ከጓዳ ሮጬ ስወጣ የቆላ ሰው ሁሉ ደረቱን ይመታል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ልጠይቅ? ጮህኩ። ጎረቤታችን የሆነችው ክርስቲያን ሴት፣ እናቴን እንደ እህቷ የምታይ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየጮኸች መጣች። እሷ ከጮኸች ሰፈሩ ቀረ? ግቢው ሞላ። ንፍሮ የለቅሶም እህል ነውና፣ ለዘያሪ የተጣደው ድስት ወጥቶ ለለቀስተኛ ታደለ። ያን ቀን ለወንድሜ የወጣውን ሙሾ ያህል ለባለሥልጣንም አልወጣም።

ረፋዱ ላይ አንድ የመስጊድ ሽማግሌ፣ ለዱዓው ፈልገው፣ "የት ላይ ነው የወደቀው? መርዶውን ያመጣው ማነው?" ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ ወደ ሰው አየ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ ቆለኞቹ አየ።

"እኛማ ለቅሶ ላይ ደርሰን ነው" አሉ ማለዳ ከፊት የነበሩት የቆላ ሽማግሌ። "መኪናችን ተሰብሮ…"

እናቴ ከመሬት ተነሳች፣ አቧራዋን አራገፈች።

"እና ልጄ አልሞተማ?"

"እኛ በምን እናውቃለን፣ እናቴ?"

"እንግዲያው ምን ታስለቅሱኛላችሁ! በሉ እግራችሁን አምጡ!"

ሰው ሳቀ። እያለቀሰ ሳቀ። አሮጊቶቹ "በቁሙ የተለቀሰለት ዕድሜው ይረዝማል" ብለው ነገሩን ወደ ምርቃት ለወጡት፤ እናቴም ይህን አባባል እንደ ክታብ ያዘችው። የውሸቱ ለቅሶ ግን በደሴ መቀለጃ ሆኖ ቀረ። ማለዳ ሰው ቤት የሚመጣ ሁሉ፣ "ለመርዶ አይደለም" ብሎ ነበር የሚገባው። እኔ ያን ቀን ሳፋውን ስጎትት ከሐዘንም ከደስታም ይልቅ የተሰማኝ ድካም ነበር። አንድ ጊዜ አልቅሼ ጨረስኩ ብዬ ነበር፤ ነገሩ ገና አልተጀመረም።

ቀጥሎ በመጣው መውሊድ ማለቂያ ላይ ነው፤ ዘያሪው ከኮረብታው እየወረደ፣ በረካ ብሎ የያዘውን ቅጠል በኪሱ ከቶ ወደ አገሩ ሲመለስ። ከዙህር ሶላት በኋላ ነበር። ጥቂት ሰዎች በሩ ላይ ቆሙ። ሁለቱ የመስጊዳችን ሽማግሌዎች ናቸው። አንዱ በምርኩዝ የቆመ፣ የወታደር ካፖርት የለበሰ ወጣት ነው፤ ከጉልበቱ በታች አንድ እግሩ የለም። ከኋላቸው ጎረቤታችን ቆማለች። ነጠላዋ ተዘቅዝቋል።

በኋላ እንደሰማሁት መክረውበታል። ማለዳ ቢመጡ ያ የፊተኛው ነገር ሊደገም ነው፤ አታምናቸውም፣ ወይም ሰፈሩ አያምንም። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ ይሁን ተባለ። ደሴ ላይ በቀትር የተነገረ መርዶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም።

እኔ ነጠላውን አየሁ። እናቴም አየችው። አይኗ ከነጠላው ወደ ካፖርቱ ሄደ፣ ከካፖርቱ ወደ እኔ መጣ።

"ግቡ እንጅ" አለች፤ "ምን በር ላይ ያቆማችኋል።"

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እትዬ፣ እንግዲህ አላህ…"

"ቆዩ። መጀመሪያ እግር።"

የውሃውን ጆግ ለእኔ ሰጥታ ሳፋውን ከእጄ ወሰደች። ሌላ ጊዜ እሷ ትቀዳ ነበር፣ እኔ ነበርኩ የማጥበው፤ ያን ቀን ግን ራሷ ተንበረከከች። ሽማግሌዎቹን አጠበች። ጎረቤታችንን በግድ አስቀምጣ አጠበች፤ እሷም እያለቀሰች እግሯን ሰጠች። ወደ ወታደሩ ስትደርስ የሸራ ጫማውን በእጇ ፈታችው። እግሩ ቀጭን፣ አቧራ የበላው፣ ጥፍሩ የጠቆረ ነበር። እናቴ ያንን አንድ እግር የሁለት ያህል ጊዜ አጠበችው፤ ሳታደርቀው በሁለት እጇ ይዛው ቆየች።

ንፍሮ አቀረብኩ። ማንም እጁን አልዘረጋም።

"ብሉ" አለች።

"እማማ፣ እኔ የመጣሁት…" አለ ልጁ።

"የመጣህበትን አውቄዋለሁ፣ አፈር ስሆን። ሳልመግብ የሸኘሁት ዘያሪ የለም። ብላና ትነግረኛለህ።"

በሉ። ንፍሮ ሲታኘክ እንደዚያ የሚጮህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ልጁ እንባው በአገጩ እየወረደ ፍሬ ፍሬውን ያነሳ ነበር። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን እናቴ ፊቱ ተቀምጣ ጠበቀች፤ ከዚያ "አሁን" አለችው። እሱም ተናገረ። ከአስመራ ወዲያ ነው፤ ጎን ለጎን ነበሩ፤ የቀበረው እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ እናቴ የጮኸችውን ጩኸት አልጽፈውም። ጎረቤት ሰምቶ በየደጁ ወጣ እንጅ የሮጠ አልነበረም፤ እንደገና እንዳይሳሳት ትንሽ የጠበቀ ይመስለኛል።

ለቅሶው አለፈ። በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ ፀሐይዋ ወደ መግሪብ ስታዘነብል፣ እኔ የውጭ በሩ ጋ ሄድኩ። የዛገውን መቀርቀሪያ በላምባ አርሼ፣ በድንጋይ መትቼ አላቀቅሁትና በሩን ገጥሜ ወረወርኩት። ዘጋሁ። በሩ ላይ ጀርባዬን አስደግፌ ቆምኩ። ወንድሜ ሞቷል፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ዐረፍኩ። ሁለቱ አንድ ላይ መሆናቸው አሳፍሮኝ ነበር፤ ቢሆንም ዐረፍኩ።

"ማነው የዘጋው?" አለች እናቴ ከውስጥ።

"እኔ ነኝ፣ እማ።"

"ለምን?"

"አለቀ እኮ። ስለቱ አለቀ።"

ከተኛችበት ቀና ስትል ተሰማኝ።

"ምን ብዬ ነበር የተሳልሁት?"

"ታውቂው የለ?"

"አንች ንገሪኝ። አሚን ብለሽ የለ?"

"'እስኪመለስ' ብለሽ ነበር።"

"እና ተመልሷል?"

'እስኪሞት ድረስ' አላለችም። አባ ያን ቀን ያሉት ይህን ነበር፤ ማብቂያው በእጅሽ አይደለም። እናቴ ያን ጊዜም ገብቷት ነበር ማለት ነው። ልጇ ይመለሳል ብላ በተሳለችበት ቃል እስካለች ድረስ፣ ሊመለስ የሚችል ልጅ አላት። እኔ የዘጋሁት በሩን ብቻ መስሎኝ ነበር።

"ክፈችው" አለች።

መቀርቀሪያውን ሳብኩት። አሁን እንደ ቅቤ ተንሸራተተ። ደጁ ላይ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ከኮረብታው የወረደች፣ ወደ ደጋን የምትሄድ ዘያሪ ናት። ለስንት ጊዜ እንደቆመች አላውቅም፤ አላንኳኳችም።

"የሸኹ እንግዳ ይገባበታል ሲሉኝ…" አለች፤ "ዘግታችኋል መሰለኝ።"

"አልዘጋንም" አልኳት። "ላምባ እየቀባሁት ነው።"

እግሯን አየሁት። በጣም ደክሟት ነበር። ጆጉን ላመጣ ገባሁ።